ዑደተ ደም እና መሰናክሉ

የሰው ልብ በዕረፍት ጊዜ በየደቂቃው አምስት ሊትር ያህል ደም ይገፋል፤ በአንድ ጎልማሳ ገላ ውስጥ ያለው ደም ሁሉ ተሰብስቦ ቢሰፈርም ከዚሁ ከአምስት ሊትር እምብዛም አይርቅም። እነዚህን ሁለት ቍጥሮች ጎን ለጎን አኑሮ የሚመለከት ሰው፥ ደም በአንድ ደቂቃ ያህል ጊዜ ገላን ሁሉ ዞሮ ወደ ተነሣበት እንደሚመለስ ሌላ ማስረጃ ሳይሻ ሊረዳው ይችላል። ነገር ግን ዛሬ ለተማሪ ልጅ ቀላል የሚመስለው ይህ ነገር ለቀደሙት ሊቃውንት ከአንድ ሺህ አራት መቶ ዓመት በላይ ተሰውሮባቸው የኖረ ምሥጢር ነበረ፤ የተሰወረባቸውም ጥበብ አንሷቸው ሳይሆን፥ ደሙን ልስፈረው ብሎ የተነሣ ሰው በመካከላቸው ስላልተገኘ ነው።

በሁለተኛው መቶ ዓመት የነበረውና የሮም ነገሥታት ሐኪም የሆነው የጴርጋሞኑ ጋሌኖስ፥ ደም ከምግብ በጉበት ውስጥ ተሠርቶ በደም ሥሮች ወደ ብልቶች ሁሉ ይፈስሳል፥ ብልቶችም ይጨርሱታል፥ ጉበትም በየዕለቱ ሌላ ደም ይሠራል ብሎ አስተማረ፤ ከልብ ቀኝ ክፍል ወደ ግራው ክፍል የሚያልፈው ደምም በመካከላቸው ባለው ግድግዳ ላይ ዓይን በማያያቸው ቀዳዳዎች ነው አለ። ጋሌኖስ ተራ ሰው አልነበረም፤ ከእርሱ በፊት የነበሩ ጠቢባን ከልብ በሚወጡት ደም ቅዳዎች ውስጥ የሚሄደው አየር ነው ሲሉ፥ እርሱ የእንስሳትን ደም ቅዳ ከላይና ከታች አስሮ መካከሉን በመሰንጠቅ ደም እንጂ አየር አለመሆኑን በግልጽ ያስረዳ ሰው ነው። ስለዚህም ክብሩ ታላቅ ነበረና፥ በኋላው ዘመን የመጡት ብዙዎቹ የገዛ ዓይናቸውን ከማመን የእርሱን መጽሐፍ ማመን መረጡ።

ከነዚህ የተለየው በደማስቆ አገር ተወልዶ በካይሮ ሲያክም የኖረው ኢብን አል ነፊስ ነው። ይህ ሊቅ በ1242 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፥ ካልተለየ በቀር፥ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው) በጻፈው ትርጓሜ፥ በልብ መካከል ያለው ግድግዳ ድፍን መሆኑን፥ የተሰወረም ሆነ የተገለጠ ቀዳዳ የሌለው መሆኑን፥ ደምም ከቀኙ ክፍል ወደ ሳንባ ሄዶ በዚያ ከአየር ጋር ከተገናኘ በኋላ ወደ ግራው ክፍል የሚመለስ መሆኑን በማያሻማ ቃል አስታወቀ። ይህን የሚያህል ነገር የተጻፈበት መጽሐፍ አንድ ግብፃዊ ሐኪም በ1924 ዓ.ም. በበርሊን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አግኝቶ እስኪገልጠው ድረስ ያለ ተመልካች መቀመጡ ሳስበው ሁልጊዜ የሚያሳዝነኝ ነው።

ዊልያም ሃርቪ በ1578 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ተወልዶ፥ በኢጣልያ በፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምሮ በ1602 ዓ.ም. ተመረቀ። በዚያ መምህሩ የነበረው ፋብሪሲየስ፥ ደምን ወደ ልብ በሚመልሱት ደም መልሶች ውስጥ ትናንሽ በሮች መኖራቸውን ለደቀ መዛሙርቱ ያሳይ ነበር፤ ነገር ግን ደም በእጅና በእግር እንዳይጠራቀም ፍጥነቱን የሚገቱ ብቻ መስለውት ነገሩን በዚያ አቆመው። ደቀ መዝሙሩ ግን በሮቹ ሁሉ የሚከፈቱት ወደ ልብ አቅጣጫ ብቻ መሆኑን አስተውሎ፥ እንግዲያውስ በደም መልስ ውስጥ ያለ ደም ከልብ ወደ ብልት ሊሄድ አይችልም ሲል ደመደመ። ማስረጃውንም የወሰደው ከማንኛውም ሰው ክንድ ነው። ክንድን አጥብቀው ቢያስሩት እጅ ይገረጣል፥ ይቀዘቅዛል፥ የእጅ አንጓ ትርታም ይጠፋል፤ ማሰሪያውን ጥቂት ቢያላሉት ግን ጠልቆ የሚሄደው ደም ቅዳ ይከፈትና፥ በቆዳ ሥር ያለው ደም መልስ ገና እንደታሰረ ስለሆነ፥ እጅ ይቀላል፥ ሥሮቹም ከማሰሪያው በታች ይገተራሉ። ደም በጥልቁ መንገድ መጥቶ በላይኛው መንገድ ለመመለስ ተከልክሎ ካልሆነ በቀር ይህ ሊሆን አይችልም። ያበጠውንም ሥር በአንድ ጣት ተጭኖ፥ በሌላው ጣት ደሙን ወደ ላይ እስከ ቀጣዩ በር ድረስ ጠርጎ ቢተዉት፥ የተጠረገው ሥር ባዶውን ይቀራል፤ የተጫነው ጣት ሲነሣ ግን ከታች ወዲያው ይሞላል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ጋሌኖስን የረታው ግን ስሌት ነው። ሃርቪ ተከራካሪ እንዳያገኝ ሆን ብሎ ዝቅ አድርጎ፥ ልብ በአንድ ምት ግማሽ አውንስ ደም ብቻ ይገፋል፥ በግማሽ ሰዓትም ሺህ ጊዜ ብቻ ይመታል እንበል አለ። በዚህ ልክ እንኳ ከልብ የሚወጣው ደም አምስት መቶ አውንስ፥ ማለት ከ14 ኪሎ የማያንስ ይሆናል፤ ይህም በገላ ውስጥ ካለው ደም ሁሉ እጥፍ ድርብ ስለሆነ፥ ይህን ያህል ደም በግማሽ ሰዓት ከምግብ ሊሠራ የሚችል ጉበት፥ ይህንንም ሊጨርስ የሚችል ብልት በፍጥረት ውስጥ አይገኝም። ዛሬ ልብ በአንድ ምት የሚገፋው 70 ሚሊ ሊትር ገደማ መሆኑ ስለታወቀ፥ እውነተኛው መጠን እርሱ ከገመተው አምስት እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የሚቀረው። ሃርቪ ይህን ትምህርት በለንደን ለሐኪሞች ለዓመታት ካስተማረና ደጋግሞ ከፈተነ በኋላ በ1628 ዓ.ም. በፍራንክፈርት በላቲን ቋንቋ አሳተመው።

አንድ ነገር ግን ቀርቶበት ነበር፤ ደም ከደም ቅዳ ወደ ደም መልስ በምን እንደሚሻገር በዓይኑ አላየም። መሻገሪያው መኖሩን በስሌት አምኖ ሳያየው በ1657 ዓ.ም. ዐረፈ፤ ከአራት ዓመት በኋላ የቦሎኛው ማርቼሎ ማልፒጊ የእንቍራሪት ሳንባን በማይክሮስኮፕ ሲመለከት፥ ከጠጕር ይልቅ የቀጠኑትን ደም ሥሮች አገኘ።

የዑደቱ ፍሬ የሚገኘው በነዚህ ቀጫጭን ሥሮች ነው፤ ልብም ደም ቅዳም ደም መልስም የሚደክሙት ደምን ወደዚያ ለማድረስና ከዚያ ለመመለስ ነው። ግድግዳቸው በአንድ ሕዋስ ውፍረት ብቻ የተሠራ፥ ስፋታቸውም ቀይ የደም ሕዋሳት አንድ በአንድ ተሰልፈው፥ አንዳንዴም ተጣጥፈው የሚያልፉበት ያህል ነው። ነገር ግን ቍጥራቸው እጅግ የበዛ ስለሆነ የሁሉም ስፋት ቢደመር ከልብ የሚነሣውን ታላቁን ደም ቅዳ ብዙ መቶ ጊዜ ይበልጠዋል፤ ከገደል ሲወርድ የሚገሠግሠው ወንዝ ሜዳ ላይ ተንጣልሎ እንደሚዘገይ፥ ደምም በዚያ ይዘገያል። በዚያች የመዘግየት ቅጽበት ኦክስጅኑና ምግቡ ወደ ሕዋሳት ይገባል፥ ካርቦን ዳይኦክሳይዱና ሌላውም ጥራጊ ወደ ደሙ ይወጣል፤ ከዚህ በኋላ ደሙ በቀኝ የልብ ክፍል አድርጎ ወደ ሳንባ፥ ከሳንባ ወደ ግራው ክፍል፥ ከግራው ክፍል ዳግመኛ ወደ ገላ ይጓዛል።

ኦሪት ደም መብላትን ስለከለከለች፥ በሀገራችን ከብት የሚያርድ ሰው ደሙን በምድር ላይ አፍስሶ ሥጋውን ለብቻው ይወስዳል፤ ስለዚህም ደም ሲፈስ ሕይወት አብራ እንደምትወጣ የማያውቅ የለም። ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን አንዲት ጠብታ ሳትፈስ፥ ደሙ ሁሉ በሥሩ ውስጥ እንዳለ፥ መዞሩን ቢያቆም ያው ሞት መሆኑን ነው። ከሰውነት ክብደት ከመቶ ሁለት እጅ ብቻ የሚሆነው አንጎል ከኦክስጅኑ ከመቶ ሃያ እጁን የሚወስድና ለነገ የሚያኖረው ስንቅ የሌለው በመሆኑ፥ ልብ ድንገት የቆመበት ሰው በዐሥር ሰከንድ ገደማ ራሱን ይስታል፤ ከአራትና ከአምስት ደቂቃ በኋላም የአንጎሉ ሕዋሳት መጥፋት ይጀምራሉ።

ዑደት መጀመሪያና መጨረሻ የለውምና፥ በአንድ ሥፍራ የደረሰበት መሰናክል ብዙ ጊዜ ሕመሙን የሚያሳየው በሌላ ሥፍራ ነው፤ ይህን አጥብቄ የምናገረው፥ እግሩ ያበጠበት ሰው እግሩን ሲያሽ፥ ሳል የጸናበትም ሰው ሳንባውን ሲያስመረምር የሁለቱም ጥፋት በልብ ላይ ሊሆን እንደሚችል ሳይነገራቸው ጊዜ ስለሚያልፍባቸው ነው። ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ በተቀመጠ ወይም በአልጋ ላይ በቆየ ሰው እግር ውስጥ ደም ይረጋል፤ የባት ጡንቻ ደሙን ወደ ላይ መጭመቁን ትቷልና። ያ የረጋ ደም ከሥሩ ተላቅቆ ወደ ላይ ቢጓዝ፥ መንገዱ እየሰፋ ስለሚሄድ ከልብ እስኪደርስ ድረስ የሚያግደው የለም፤ ልብን አልፎ የሳንባው ሥር መጥበብ ሲጀምር ግን በዚያ ይወተፋል፥ ሰውየውም ትንፋሽ አጥሮት ይወድቃል። በሳንባ የሚገኘው ጓጕላ ከእግር እንደሚመጣ በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መካከል ያስረዳው ጀርመናዊው ሩዶልፍ ፊርኮ ነው።

ልብ ራሱ በጓዳው ሞልቶ ከሚያልፈው ደም እምብዛም አይጠቀምም፤ የሚመገበው በላዩ ላይ በተዘረጉት የራሱ ደም ቅዳዎች ነው። በነዚህ ግድግዳ ውስጥ ለዓመታት የተከማቸው ስብ አንድ ቀን ቢሰነጠቅ፥ ደሙ ቍስል የሚደፍን መስሎት በላዩ ላይ ይረጋል፥ መንገዱም ይዘጋል፤ ከዚያ ወዲህ በግማሽ ሰዓት ገደማ የልብ ጡንቻ መሞት ይጀምራል። ከወሊድ በኋላ ስለሚመጣው የደም መፍሰስም አንድ ቃል ልጨምር፤ ወሯ በገባ ሴት ማሕፀን ውስጥ በየደቂቃው ከግማሽ ሊትር የማያንስ ደም ያልፋልና፥ ማሕፀኑ ካልተኰማተረ የእናቲቱ ሕይወት በደቂቃዎች የሚቈጠር ይሆናል። በዚያን ጊዜ እጆቿ የሚቀዘቅዙት፥ ሽንቷም የሚቀንሰው፥ ሰውነት ያለውን ጥቂት ደም ለልብና ለአንጎል ለማትረፍ ከቆዳና ከኩላሊት ስለሚነፍግ ነው።

ከዑደቱ መሰናክሎች ሁሉ ይልቅ በሀገራችን ልጆችን የሚጐዳው ግን ከጉሮሮ የሚነሣው የልብ ሕመም ነው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ተሐዋሲ በተለይ ከአምስት እስከ ዐሥራ አምስት ዓመት ያሉትን ልጆች ጉሮሮ ያቈስላል፤ ሰውነት ይህን ጠላት ለመውጋት ያሰለፈው ኀይል በአንዳንዱ ልጅ ላይ የልብን በሮች ከጠላት መለየት ይሳነውና እነርሱንም ይወጋል። መጀመሪያ ትኩሳትና ከመገጣጠሚያ ወደ መገጣጠሚያ የሚዘዋወር ቍርጥማት ይመጣል፤ ይህ በራሱ ያልፋል፥ ቤተ ሰብም ልጁ ዳነ ብሎ ያመሰግናል። ነገር ግን ሕመሙ በተመለሰ ቍጥር በግራው የልብ ክፍል መካከል ያለው በር ይጠባሳል፥ ይወፍራል፥ ይጠብባል፤ ደሙም ወደ ፊት ማለፍ ሲያቅተው ወደ ኋላ ይገፋና ሳንባን ያጨናንቃል፥ ልጁም አቀበት መውጣት፥ ኋላም ተጋድሞ መተኛት ያቅተዋል። ሳንባው ሲጨናነቅ የቀኙ ልብ ይደክማል፥ የቀኙ ልብ ሲደክም ጉበትና እግር ያብጣሉ፤ በጠበበው በር ላይ በተለጠጠው ክፍል ውስጥም ደም ይረጋና ወደ አንጎል ቢወጣ ገና በወጣትነቱ ግማሽ ጐኑን ያሽመደምደዋል። ብዙ ሴቶች ይህን ሕመም የሚያውቁት በመጀመሪያው እርግዝናቸው ነው፤ በእርግዝና ጊዜ የደም መጠን ከመቶ አርባና ከዚያም በላይ ስለሚጨምር፥ እስከዚያ ቀን ድረስ በጠበበው በር የተብቃቃው ልብ ያን ጊዜ ይሸነፋል።

ዶክተር በላይ አበጋዝና ጓደኞቻቸው ብዙ ደክመው፥ በእኛ አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም. በጥቍር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የሕፃናት የልብ ሕክምና ማዕከል እስኪከፈት ድረስ፥ በሩ የተበላሸበት ልጅ ለቀዶ ሕክምና ባሕር መሻገር ነበረበት። በቀዶ ሕክምና የተበላሸው በር ይጠገናል ወይም ይለወጣል፤ መድኀኒት ብቻውን ግን ጠባሳውን አያጠፋውም። ጠባሳው ሳይመጣ የሚከለክለው ፔኒሲሊን ነው፤ አንድ ጊዜ ቍርጥማቱ የያዘው ልጅም በየሦስቱ ወይም በየአራቱ ሳምንት መርፌውን ለብዙ ዓመት ሳያቋርጥ ቢወስድ ሕመሙ እንዳይመለስበት ይጠበቃል። እንጥል መቍረጥ ለዚህ ምንም አይረዳም፤ ተሐዋሲው በእንጥል ውስጥ የተወሰነ አይደለም፥ ባልጸዳ ምላጭ የተቈረጠውም ልጅ ሌላ ቍስልና ሌላ የደም መፍሰስ ያተርፋል። በዚህ ተሐዋሲ ጉሮሮው የቈሰለ ልጅ ሕመሙ ከጀመረው እስከ ዘጠነኛው ቀን ድረስ እንኳ ወደ ጤና ጣቢያ ተወስዶ ፔኒሲሊን ቢጀምር፥ በልቡ ላይ ሊመጣ የነበረውን ጥፋት መከልከል ይቻላል።