የተሳሳተ ምርመራና የካሣ ጥያቄ፦ ሶብርና መብት ይጋጫሉን?



ሰው ሲታመም ሕክምና መፈለግ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ያስተማሩን ነገር ነው። መታከም ከተወኩል ጋር እንደማይጋጭ ዑለማዎቻችን ደጋግመው ነግረውናል። ጥያቄው የሚከብደው ከዚያ በኋላ ነው። ሐኪሙ በሽታውን ሳይለየው ቢቀርና በዚህ ሳቢያ በሽተኛው አካሉን ወይም ሕይወቱን ቢያጣስ? በለቅሶ ቤት የምንሰማው መልስ አብዛኛውን ጊዜ «ቀደር ነው፤ ምን ይደረጋል?» የሚል ነው። በቀደር ማመን ከኢማናችን መሠረቶች አንዱ ነው። ሆኖም በቀደር ማመን ካሣ መጠየቅን ይከለክላልን? በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ ነው።

ስህተቱ እንዴት ይፈጠራል?

በአገራችን የተለመደውን ምሳሌ እንውሰድ። ትኩሳትና የሆድ ሕመም ያለበት አንድ ልጅ ክሊኒክ ይወሰዳል እንበል። ደሙ ዊዳል በሚባለው ምርመራ ይታይና «ታይፎይድ ነው» ተብሎ መድኃኒት ይታዘዝለታል። ይህ ምርመራ የሚያሳየው ደም ውስጥ የሚገኘውን የሰውነት መከላከያ እንጂ ተሕዋሲውን ራሱን አይደለም። ቀደም ሲል በሽታው ይዞት የነበረ ወይም ሌላ ተመሳሳይ ተሕዋሲ ያገኘው ሰውም ውጤቱ «አለ» ሊል ይችላል። የልጁ ሕመም ትርፍ አንጀት ከሆነ ግን የሚባክነው እያንዳንዱ ቀን አደጋ ነው። ትርፍ አንጀቱ ሊፈነዳና መግሉ በሆድ ዕቃው ውስጥ ሊሰራጭ ይችላል። በጊዜው ቢታወቅ በአንድ ቀዶ ሕክምና የሚያበቃ ሕመም ለረጅም ስቃይ፣ አንዳንዴም ለሞት ይዳርጋል።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን ይገባናል። በሽታ መጀመሪያ ላይ መልኩን ሊደብቅ ይችላል፤ ጠንቃቃ ሐኪምም ይሳሳታል። ስለዚህ ውጤቱ መጥፎ ስለሆነ ብቻ ሐኪሙ አጥፍቷል ማለት አይቻልም። ሊጠየቅ የሚገባው፣ ሙያው የሚጠይቀውን ምርመራና ጥንቃቄ አድርጓል ወይስ አላደረገም? የሚለው ነው።

በሸሪዓ እንዴት ይታያል?

በሱረቱ-ኒሳእ 92ኛው አንቀጽ ላይ አላህ (ሱ.ወ.) በስህተት ለጠፋ የሙእሚን ሕይወት ለሟች ቤተሰብ ጉማ (ዲያ) እንዲከፈል አዟል፤ ቤተሰቡ በምጽዋት መልክ ቢተወው ደግሞ ፈቅዷል። ልብ እንበል፤ ነገሩ ስህተት መሆኑ የካሣን መብት አላስቀረውም። ይቅር የማለት ምርጫም የተሰጠው ለባለመብቱ ነው።

ሕክምናን በተመለከተም፣ አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲሥ፣ በሕክምና ዕውቀት ሳይታወቅ ያከመ ሰው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሆነ ተነግሯል። ኢብኑል ቀይም በዛዱል መዓድ ሐኪሞችን በየፈርጁ ከፍለው አይተዋል። ለሙያው ተገቢውን ጥንቃቄ ያደረገ አዋቂ ሐኪም፣ ሕክምናው በራሱ ለሚያስከትለው ጉዳት አይጠየቅም። አዋቂው ሐኪም ተመራምሮ በመድኃኒት ትእዛዝ ቢሳሳትና ሰው ቢሞት ግን፣ ጉማው ከሙስሊሞች ግምጃ ቤት ወይም ከሐኪሙ የወንድ ዘመዶች እንዲከፈል የሚሉ ሁለት አስተያየቶችን ጠቅሰዋል። ከዚህ የምንረዳው ካሣ መጠየቅ ሐኪሙን ክፉ ሰው ማድረግ እንዳልሆነ ነው። የተጎዳው ሰው ጉዳቱን ብቻውን እንዳይሸከም የተደረገ ሥርዓት ነው።

የአገራችን ሕግ ምን ይላል?

በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 188 ለፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የሰጠው ሥልጣን እንደ ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ቀለብ፣ ውርስና ወቅፍ ባሉ ጉዳዮች የተወሰነ ነው። የሕክምና ካሣ የሚጠየቀው በመደበኛ ፍርድ ቤት ነው። እዚያም መሠረቱ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው።

በዚህ ሕግ ቁጥር 2031 መሠረት ባለሙያ የሙያውን ደንብ ሊጠብቅ ይገባል፤ ከሙያው ዕውቀት አንጻር ግዴታውን የዘነጋ ግልጽ ቸልተኝነት ከፈጸመ ኀላፊ ይሆናል። በቁጥር 2651 ደግሞ ሐኪሙን የቀጠረው የሕክምና ድርጅትም ይጠየቃል። ማስረዳት ያለበት ከሳሹ ነው። እርሱም ጥፋት መኖሩን፣ ጉዳት መድረሱን፣ ጉዳቱም ከጥፋቱ የመጣ መሆኑን ያስረዳል። በሽተኛው «ነገ ተመለስ» ተብሎ ሳይመለስ ቀርቶ ከሆነ ካሣው ሊቀነስ ይችላል።

ካሣው የሕክምና ወጪን፣ የቀረ ገቢንና ወደፊት የሚደርሰውን ጉዳት ይሸፍናል። በሞት ጊዜ የትዳር ጓደኛ፣ ወላጆችና ልጆች በሟቹ ምትክ መተዳደሪያ መጠየቅ ይችላሉ። የሕሊና ጉዳት ካሣ ግን በቁጥር 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። ልጁን ላጣ ወላጅ ይህ ምን ያህል እንደሆነ አንባቢ ይፍረደው።

ከሁሉ በላይ ማስታወስ ያለብን ቁጥር 2143ን ነው። ክሱ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ድርጊቱ ረዘም ያለ የይርጋ ጊዜ ያለው ወንጀል ከሆነ በዚያው ጊዜ ይመራል። «ሐዘኑ ይብረድ» እየተባለ ጊዜው ያለፈበት ቤተሰብ መብቱን ያጣል።

ቤተሰብ ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ ወረቀት አይጣል። የላቦራቶሪ ውጤት፣ የመድኃኒት ማዘዣ፣ ደረሰኝና የሪፈር ወረቀት በቀን በቀኑ ይቀመጥ። ካርዱ የሚቀረው ሐኪም ቤቱ ዘንድ ስለሆነ የሕክምና ማስረጃ በጽሑፍ ይጠየቅ። ትክክለኛውን በሽታ ያገኘው ሁለተኛው ሐኪም ቤት የሚሰጠው ማስረጃ በተለይ ዋጋ አለው።

ሁለተኛ፣ አቤቱታ ለጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ ይቅረብ። ኮሚቴው ካሣ አይፈርድም፤ ጥፋት ስለመኖሩ የሚሰጠው ሙያዊ አስተያየት ግን በፍርድ ቤት ትልቅ ክብደት አለው።

ሦስተኛ፣ የሕግ ባለሙያ ይማከር። አቅም የሌለው ሰው በደሃ ደንብ፣ ማለትም ዳኝነት ሳይከፍል፣ ክስ ለመመሥረት ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላል። የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎችም ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡባቸው ማዕከላት አሏቸው።

አራተኛ፣ ሽምግልና ጥሩ ነው፤ ስምምነቱ ግን በጽሑፍ ይሁን። «ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት በሐዘን መሐል ተነብቦ ሳያልቅ አይፈረም።

ውድ አንባቢያን፣ ሶብር ማለት አላህ በወሰነው ላይ አለማማረር ነው። መብትን አውቆ በሕጋዊ መንገድ መጠየቅ ከዚህ አያስወጣም። ስህተቱ ተነግሮ ከታረመም ነገ በዚያው በር የሚገባውን የሌላ ሰው ልጅ ሊያድን ይችላል። መብቱን አውቆ ለአላህ ብሎ ይቅር ያለ ሰው ምንዳው አላህ ዘንድ ነው። ሳያውቅ ዝም ያለው ግን ይቅር ያለው ነገር የለም።

አላህ ለታመሙት ሺፋእን፣ ላዘኑት መጽናናትን፣ ለሐኪሞቻችንም ማስተዋልን ይስጥልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።