የደወሉ ሁለተኛ ድምፅ

ጋሸና ላይ ከወልድያ የመጣው መንገድ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ደብረ ታቦር ይቀጥላል፣ ሌላው ወደ ላሊበላ ይታጠፋል። መኪና ሲጠብቅ እዚያ ያመሸ ሰው ብርዱን አይረሳም፤ ጋቢውን ተከናንቦ ቀና ካለም ሰማዩን አይረሳም። ከላሊበላ በላይ የቆመው፣ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው አቡነ ዮሴፍ ተራራ ለኦብዘርቫቶሪ የታጨው ለዚህ ጨለማና ጥራት ነው። እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን፤ የአዲስ አበባ መብራት ግን በየዓመቱ እየቀረባቸው ነው።

ይህ ሰማይ አንስታይን ስለ ስበት ላመጣው ሐሳብ ባዕድ አይደለም። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ ጨረቃ ፀሐይን ሸፍና የእሳት ቀለበት ብቻ ስታስቀር ያየ ሁሉ፣ የአንስታይን መላምት የተፈተነበትን የሚመስል ክስተት በዓይኑ አይቷል። ግንቦት 21 ቀን 1911 ዓ.ም. በምዕራብ አፍሪካ ባሕር ላይ ባለችው ፕሪንሲፔ ደሴት የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ኤዲንግተን ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽን ጠብቆ፣ የከዋክብት ብርሃን በፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ መታጠፉን ለካ።

የዛሬው ፈተና ግን ብርሃን አይጠይቅም። መስከረም 3 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6 ሰዓት ከ50 ላይ፣ አሜሪካ ውስጥ ያሉት፣ የስበት ሞገድን የሚያዳምጡት ሁለቱ የላይጎ መሣሪያዎች አንድ ንዝረት ያዙ። በየመሣሪያው 4 ኪሎ ሜትር የሚረዝሙ ሁለት ክንዶች አሉ፤ በውስጣቸው ሌዘር ይመላለሳል፤ የተለካው የርዝመት ለውጥ ከፕሮቶን ስፋት እጅግ ያነሰ ነበር። የፀሐይን 36 እና 29 እጥፍ የሚከብዱ ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ተዋህደው 62 እጥፍ የሚሆን አንድ ጉድጓድ ሆኑ። የጎደለው 3 የፀሐይ ክብደት የስበት ሞገድ ሆኖ ወጣ። ድምፁ የቆየው ለ0.2 ሰከንድ ያህል ነው።

ከውህደቱ በኋላ የሚሰማውን ለማስረዳት ከደወል የተሻለ ነገር አላገኘሁም። በሰሜኑ ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት ከእንጨት የተንጠለጠለ የድንጋይ ደወል አለ። ሲመታ ዋናው ድምፅ ይወጣል፣ ከሥሩ ቶሎ የሚጠፋ ሌላ ድምፅ ይኖራል፤ ሁለቱም የድንጋዩን ቅርጽ ይናገራሉ። አዲስ የተወለደው ጥቁር ጉድጓድም እንዲሁ ይንቀጠቀጣል። የሒሳብ ሊቁ ኬር በ1955 ዓ.ም. ባወጣው ስሌት መሠረት የሚሽከረከር ጥቁር ጉድጓድ የሚታወቀው በክብደቱና በሽክርክሪቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ድምፅ የወጣው ክብደትና ሽክርክሪት ከሁለተኛው ከሚወጣው ጋር መግጠም አለበት፤ ካልገጠመ መላምቱ ወድቋል ማለት ነው።

ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም. እስከዚያ ጊዜ ከተሰሙት ሁሉ ጥርት ያለው ሞገድ መጣ፤ ውጤቱ የታተመው በዓመቱ የመጨረሻ ቀን፣ ጳጉሜን 5 ነበር። ሁለቱ ድምፆች ገጠሙ። የሁለቱ ጉድጓዶች ገጽ በድምሩ ወደ 240,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የአዲሱ ወደ 400,000 ደረሰ፤ የፊዚክስ ሊቁ ሆኪንግ በ1963 ዓ.ም. ገጹ ፈጽሞ አይቀንስም ያለውም ጸና።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ወደዚህ ምርምር የገባው ድካሙን ለማቅለል ነው። መሣሪያው የሚሰማው ሞገድ ብቻ አይደለም፤ የባሕር ማዕበል፣ የመኪና መንገድ፣ የራሱ ኤሌክትሮኒክስም ይንጫጫበታል። በጎ ፈቃደኞች «ግራቪቲ ስፓይ» በተባለ ፕሮጀክት እነዚህን ጫጫታዎች በምስል ለይተው ማሽኑን አስተምረውታል። የአንድን ውህደት ክብደት፣ ርቀትና ሽክርክሪት በቀድሞው መንገድ ለማስላት ቀናት ይፈጅ ነበር፤ ጀርመን ያለው የማክስ ፕላንክ ቡድን ያስተማረው «ዲንጎ» የተባለ ኒውራል ኔትወርክ ይህን ወደ 20 ሰከንድ አወረደው። ጊዜው እንዲህ ሲያጥር አንድን መላምት በጥቂት ውህደቶች ሳይሆን በመቶዎች ላይ መፈተን ይቻላል።

እኔን የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው። እንደ ዲንጎ ያለው ማሽን የሚማረው ከአንስታይን ቀመር በተሠሩ አርቲፊሻል ሞገዶች ነው። ከቀመሩ የወጣ እንግዳ ድምፅ ቢመጣ፣ እንግዳ መሆኑን ከመናገር ይልቅ በሚያውቀው ቋንቋ ይተረጉመዋል፤ ትንሽ ክብደት ጨምሮ፣ ትንሽ ሽክርክሪት ቀንሶ። ፈጣን መልስ ይሰጣል፣ መልሱ ግን ፈተና አይደለም። ስለዚህ ከተማረው ውጭ የሆነ ነገር ሲገጥመው «ይህን አላውቀውም» እንዲል ማስተማር ከፍጥነቱ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ይህ ጥንቃቄ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። በኅዳር 2009 ዓ.ም. ሦስት ተመራማሪዎች ከጥቁር ጉድጓዶች የገደል ማሚቶ የመሰለ ተከታይ ድምፅ የሰማን ይመስለናል አሉ፤ እውነት ቢሆን የጥቁር ጉድጓድ ጠርዝ እንደምናስበው አይደለም ማለት ነበር። ሌሎች ያንኑ ዳታ ወስደው መረመሩና ተራ ጫጫታም ያንን ሊያስመስል እንደሚችል አሳዩ። መከራከር የቻሉት ዳታው ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ነው።

ለእኛ ትልቁ በር ይኸው ነው። አቡነ ዮሴፍ ላይ ቴሌስኮፕ መትከል መንገድ፣ መብራትና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ጋሸና በ2014 ዓ.ም. የውጊያ ግንባር ነበረች፤ ላሊበላም ወራት ያለ መብራት አሳልፋለች፤ የዚህ አገር ሳይንስ ሲታቀድ ይህ ሊዘለል አይገባም። የስበት ሞገድን ዳታ ማጥናት ግን ተራራ አይፈልግም። ከመስከረም 3ቱ ሞገድ ዳታ 32 ሰከንዱን የያዘው ፋይል 1 ሜጋባይት ገደማ ነው። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ያለ ተማሪ የኢንተርኔት መስመሩ በተከፈተ ሰዓት ያወርደዋል፤ መስመሩ ቢቋረጥም ላፕቶፑ ላይ ይቀራል። ጫጫታውን በፓይተን አጣርቶ፣ ንዝረቱን ወደ ድምፅ ቀይሮ ስፒከሩን ሲከፍት፣ ከ1.3 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት የመጣ አጭር፣ ወደ ላይ የሚወጣ ጩኸት ይሰማል።