የታወቀ ሁሉ አይለቅም
በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ልቡ የተጨነቀ ምእመን ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚያማክረው የንስሐ አባቱን ነው። የሳይኮአናሊሲስ፣ ማለትም በንግግር የሚካሄደው የሥነ ልቦና ሕክምና፣ መሥራች ሲግመንድ ፍሮይድም በ1926 እ.ኤ.አ. ሕክምናውን ከንስሐ ጋር አነጻጽሮ ነበር፤ ንስሐ የሚገባ ሰው የሚያውቀውን ይናገራል፣ በሳይኮአናሊሲስ ግን ታካሚው ከሚያውቀው በላይ እንዲናገር ይፈለጋል። የማያውቀውን እንዴት ይናገራል? ሳያስበው በአድራጎቱ ያሳየዋል።

አንድ የእንጅባራ ወጣት አለ እንበል። አባቱ ለጥር 23ቱ የፈረሰኞች በዓል ፈረሱን የሚሰጡት ሁልጊዜ ለታላቅ ወንድሙ ነበር፤ ለእሱ የተረፈው ዝምታቸው ነው። ዛሬ አለቃው ዝም ካለው “ጠልቶኛል” ብሎ ሥራ ይለቃል። “አባትህን ይቅር በላቸው” ሲሉት እሺ ይላል፤ ቅያሜው ግን አይለቀውም። ሕክምና ሲጀምርም ሐኪሙ ዝም ብሎ ስላዳመጠው ብቻ ይቀየምና በሚቀጥለው ቀጠሮ ይቀራል። ሲመለስ ሐኪሙ አይቆጣውም፣ አያባብለውምም። “ዝም ስል ምን የማስብ መሰለህ?” ይለዋል። የሕክምናው ዋና ሥራ እዚህ ላይ ነው። ወጣቱ የጠበቀው ጥላቻ ሳይመጣ ይቀራል፤ ከፊቱ የተቀመጠው ሰው አባቱ እንዳልሆነ በወሬ ሳይሆን በራሱ ላይ ሲደርስ ያየዋል። የሳይኮአናሊሲስ ባለሙያው ጄምስ ስትራቺ በ1934 ለውጥ የሚያመጣው ይህ ቅጽበት መሆኑን ጽፏል።

ታካሚ የቆየ ስሜቱን በሐኪሙ ላይ እንደሚያሳይ ፍሮይድ የተማረው ታካሚ አጥቶ ነው። ዶራ ብሎ የጠራት የቪየና ወጣት በ1900 መጨረሻ ሦስት ወር ሳይሞላት ሕክምናውን ጥላ ሄደች። ለሌላ ሰው የያዘችውን ስሜት ወደ እሱ ማዞሯን በጊዜው አለማስተዋሉን በ1905 አመነ። በ1914 ደግሞ ለታካሚው ችግሩን መንገር ብቻ እንደማይበቃ፣ ደጋግሞ የሚታገልበት ጊዜም እንደሚያስፈልገው ጻፈ። አንዴ ማወቅ ልማድን አይነቅልም።

መንገዱ ረጅም ነው፤ ለሁሉም ሕመም አይሆንም። ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ሰው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት መድረስ አለበት።

እንጅባራና ዳንግላ በሚገኙበት በአዊ ዞን ግን አንድ ነገር ሊታሰብበት ይገባል። በአውኛ ያደገ ልጅ የተቆጡትም ያባበሉትም በአውኛ ነው፤ ያ ስሜት በሕክምና ጊዜ የሚመለሰውም በአውኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በዞኑ የምክር አገልግሎት የሚያደራጁ ሁሉ አውኛ አዋቂ ባለሙያ ያሠልጥኑ፣ ይቅጠሩም።