ቀላል ጠመንጃ፣ ሩቅ ዒላማ፦ ሁለቱን አንድ ላይ መፈለግ ምን ያስከፍላል?

ጥቅምት ሲገባ ኮሎራዶ ውስጥ የኤልክ የጠመንጃ አደን ይከፈታል። ዴንቨርና ኦሮራ አካባቢ ሐበሻው ብዙ ነው፣ ወደ ሮኪ ተራሮች ለአደን የሚወጣም አይጠፋም። አደን የለመደ ሰው ደግሞ ቆይቶ አንድ ሐሳብ ይመጣበታል፦ «ለራሴ የሚሆን፣ ቀለል ያለ፣ ግን ሩቅ የሚመታ ጠመንጃ ላሠራ።» ጥሩ ሐሳብ ነው። ችግሩ፣ ቀላልነትና ሩቅ መምታት እርስ በርስ ይጣላሉ። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ጠቡን ማወቅ ይጠቅማል።

(በነገራችን ላይ ኤልክን ብዙዎቻችን «አጋዘን» እንለዋለን። የባሌው ደጋ አጋዘን ግን ሌላ ቤተሰብ ነው፤ ቀንዱ ዕድሜ ልኩን አብሮት ይኖራል። የኤልክ ወንዱ ቀንዱን በየዓመቱ ይጥላል፣ ክብደቱም 300 ኪሎ ገደማ ይደርሳል።)

ቀላል ጠመንጃ ለምን ይፈለጋል? ኤልክ የሚታደነው ብዙ ጊዜ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ዳገት ነው፣ አየሩም ስስ ነው። አያቶቻችን ያነገቱት ውጅግራ ከ4 ኪሎ በላይ ይመዝን ነበር። ዛሬም ከሱቅ የሚገዛ ተራ የአደን ጠመንጃ መነጽር ሲገጠምለት እዚያው አካባቢ ነው። አንድ ኪሎ መቀነስ ማታ ላይ ጉልበታችሁ የሚያውቀው ነገር ነው።

ግን ያ አንድ ኪሎ የትም አይጠፋም፣ ትከሻችሁ ላይ ተመልሶ ይመጣል። ጥይቱ ሳይቀየር የጠመንጃው ክብደት ከ4.5 ኪሎ ወደ 3 ኪሎ ቢወርድ፣ ጠመንጃው ወደ ኋላ የሚመታበት ጉልበት በ50 በመቶ ይጨምራል። ጥይቱን ደግሞ ትልቅ ካደረጋችሁት በቃ፣ እንደ በቅሎ ይራገጣል። በ3 ኪሎ ጠመንጃ .300 ዊንቸስተር ማግነም የሚተኩስ ሰው፣ በዚያው ክብደት 6.5 ክሪድሞር ከሚተኩሰው ከእጥፍ በላይ ይመታል።

«እኔ ምት አልፈራም» የሚል አለ። ጉዳዩ የጀግንነት አይደለም። ሰውነት ምቱን አንዴ ከለመደ፣ ቃታው ሊሳብ ሲል ዓይን ይጨፈናል፣ ትከሻ ይሸሻል። የሚያሳምም ጠመንጃ ይዞ የሚለማመድም የለም፤ አሥር ጥይት ተኩሶ ወደ ቤት ነው። አፈሙዙ ጫፍ ላይ የሚገጠም ብሬክ ምቱን በደንብ ይቀንሳል። ድምፁ ግን ጆሮ ይጎዳል፣ በተለይ ጎን ለቆመ ሰው። የጆሮ መከላከያ ካላደረጋችሁ እኔ አልመክረውም።

ስለዚህ ዕቅዱ ከጠመንጃው አይጀምርም። ከአረሩ ይጀምራል። የአደን አረር ሥጋ ውስጥ ሲገባ እንዲከፈት ተደርጎ ነው የሚሠራው። ለመከፈት ደግሞ ፍጥነት ይፈልጋል፤ ለብዙዎቹ በሰከንድ ከ550 እስከ 600 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በታች ከወረደ ሳይከፈት ቀዳዳ በስቶ ሊያልፍ ይችላል። እንግዲህ «ስንት ሜትር ድረስ እተኩሳለሁ?» ለሚለው ጥያቄ አንዱ ገደብ ይኼ ነው። አረሩ ከተመረጠ ጥይቱ ይመረጣል። ከዚያ አፈሙዙ ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ ቦይ ይወሰናል፦ ረጅምና ከባድ አረር ቶሎ ቶሎ የሚዞር ቦይ ይፈልጋል። ለ6.5 ክሪድሞር የተለመደው በ8 ኢንች አንድ ዙር ነው። ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦ መጀመሪያ አፈሙዝ የገዛ ሰው፣ በኋላ ለአፈሙዙ አረር ሲፈልግ ይኖራል።

አሁን ወደ ሚዛኑ እንምጣ። ግባችን መነጽሩን ጨምሮ 3.6 ኪሎ ነው እንበል። ሪሲቨሩ (መቀርቀሪያው የሚሠራበት ዋናው አካል) ከታይታኒየም ከሆነ 700 ግራም ገደማ ይወስዳል። አፈሙዙ 1 ኪሎ ከ250፣ የካርቦን ፋይበር ሰደፍ 700 ግራም፣ መነጽር ከነማሰሪያው 700፣ ለቃታውና ለቀሪው ኮተት 250 ግራም። አለቀ፣ 3.6 ሞላ። ጥይቱ፣ ማንገቻውና ባለ ሁለት እግር መደገፊያው ገና አልገቡም! ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ባዶውን ጠመንጃ መዝኖ «2.5 ኪሎ ነው» ይላል፣ ከዚያ 900 ግራም መነጽር ይጭንበታል።

የት ይቀነስ? እንደኔ ሰደፉ ላይ። እዚያ የተቀነሰ ግራም ተኩሱን ብዙም አይጎዳም፣ ሰደፉ ጠንካራ እስከሆነ ድረስ። አፈሙዙ ላይ ግን አትሰስቱ። ቀጭን አፈሙዝ በሁለት ሦስት ተኩስ ይግላል። ፊቱ የቀለለ ጠመንጃ ደግሞ ዳገት ወጥታችሁ ልባችሁ ሲመታ አብሮ ይዘላል። በካርቦን የተጠቀለለ አፈሙዝ ውድ ነው። ጥቅሙም ብዙ ሰው እንደሚያስበው አይደለም፦ ከቀጭን የብረት አፈሙዝ ብዙም አይቀልም፣ በዚያው ክብደት ግን የበለጠ ወፍራምና ግትር ይሆናል።

ሪሲቨር ስትመርጡ በሬሚንግተን 700 ልክ የተሠራውን እዩ። ያ ጠመንጃ ከ1962 ጀምሮ ገበያ ላይ ስላለ፣ ለእሱ የሚገጥም ሰደፍና ቃታ እንደ ልብ ነው። ወጪው ግን ከነመነጽሩ በቀላሉ 5,000 ዶላር ሊያልፍ ይችላል። ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ቀላል ጠመንጃም አለ፤ የኪምበር ማውንቴን አሴንት ያለ መነጽር 2.2 ኪሎ እንኳ አይሞላም።

ሕጉን ባጭሩ። በአሜሪካ ፌደራል ሕግ «ጠመንጃ» ተብሎ የሚቆጠረው ሪሲቨሩ ነው። ፈቃድ ካለው ነጋዴ፣ ማንነት ተጣርቶ ነው የሚገዛው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል። በጊዜያዊ ቪዛ ላለ ሰው ግን በጥቅሉ ክልክል ነው፤ ሕጋዊ የአደን ፈቃድ መያዝ ከልዩ ሁኔታዎቹ አንዱ ነው። ኮሎራዶ ለኤልክ ቢያንስ .24 ካሊበርና 85 ግሬን አረር ትጠይቃለች። ከጃንዋሪ 1, 1949 ወዲህ የተወለደ ደግሞ የአዳኝነት ትምህርት ወስዶ ማስረጃ መያዝ አለበት።

የመጨረሻውና ትልቁ ነገር ንፋስ ነው። 6.5 ክሪድሞር ለ180 ሜትር ተስተካክሎ 450 ሜትር ላይ ቢተኮስ፣ አረሩ ከ1 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ይኼ አያስፈራም፣ በመነጽሩ ይስተካከላል። ከጎን የሚነፍስ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ንፋስ ግን ከ30 እስከ 40 ሴንቲሜትር ይገፋዋል። የኤልክ ሳንባና ልብ ያለበት ቦታ ስፋቱ 35 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። መሀሉን አልማችሁ ንፋሱን በግማሽ ብትሳሳቱ እንኳ አረሩ ጠርዙ ላይ ነው፣ ወይም ሆዱ ውስጥ። በሆዱ የተመታ ኤልክ ወዲያው አይወድቅም፤ ጫካ ገብቶ ለሰዓታት ይሰቃያል። ሕጉ ተከታትላችሁ እንድትፈልጉት ያስገድዳል፣ ግን ሁሌ አይገኝም። በ1887 በቴዎዶር ሩዝቬልት የተመሠረተው ቡን ኤንድ ክሮኬት ክለብ ከመጠን በላይ ሩቅ ተኩስን የሚቃወመው በከንቱ አይደለም። ይህን የሚያድን ታይታኒየም የለም።

ጠመንጃው ሲያልቅ ይህን ሞክሩ። ወረቀት ስቀሉ፣ 20 ሴንቲሜትር ክብ ሥሩበት። እስክታለከልኩ ዳገት ውጡ፣ ከዚያ ቦርሳችሁ ላይ ተደግፋችሁ በቀዝቃዛ አፈሙዝ አንድ ጥይት ብቻ ተኩሱ። በሌላ ቀን፣ በሌላ ንፋስ ድገሙት። የመጀመሪያዋ ጥይት ሁልጊዜ ክቡ ውስጥ የምትገባበት ርቀት 250 ሜትር ከሆነ፣ የእናንተ ጠመንጃ የ250 ሜትር ጠመንጃ ነው።