ለሰሊጥ ወራት የሚወርደው ሠራተኛና የካላ አዛር አዲስ ሕክምና

ክረምቱ ሲገባ ከደባርቅ፤ ከዳባትና ከሰሜን ተራሮች ግርጌ ብዙ ጎልማሶች ለአረምና ለአጨዳ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ቆላ መውረዳቸው የታወቀ ነው። ወደ ባሕር ማዶ የሚላከው ሰሊጥ የሚታጨደው በእነርሱ እጅ ነው፤ ይዘውት የሚመለሱት ገንዘብም በኅዳርና በታኅሣሥ የደጋውን ገበያ ያሞቀዋል። ስለዚህ የሠራተኛው ጤንነት የሐኪም ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የላኪውና የባለሱቁም ጉዳይ ነው።

በቆላው ዋልካ ስንጥቅና በግራር ጫካ ውስጥ ከትንኝ የምታንስ፤ የአሸዋ ዝንብ የምትባል ተናካሽ ትኖራለች። ካላ አዛርን የምታስተላልፈው እርሷ ናት። በሽታው ጣፊያን፤ ጉበትንና መቅኔን ይይዛል፤ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ያልፋል፤ ሆድ ይነፋል፤ ሰውነት ይከሳል፤ ደምም ያንሳል። ሕክምና ካላገኘ ከ100 በሽተኞች ከ95 የበለጡትን ይገድላል። የተነከሰው ሰው ለወራት ሳይታመም ሊቆይ ስለሚችል፤ ብዙ ጊዜ ትኩሳቱ የሚነሣበት አገሩ ከገባ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ሁሉም ወባ ይለዋል። ስሕተቱ የተራ ሰው ብቻ አይደለም፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 በሊቦ ከምከም በሽታው በወረርሽኝ መልክ በተነሣ ጊዜ፤ መጀመሪያ ላይ መድኃኒት ያልበገረው ወባ ነው ተብሎ ነበር። (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።)

የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ለምሥራቅ አፍሪካ ያመለከተው ሕክምና ሶድየም ስቲቦግሉኮኔትንና ፓሮሞማይሲንን በማጣመር ለ17 ቀን የሚወጋ ነው። በየቀኑ ሁለት መርፌ መወጋት ሥቃይ ነው፤ ከሥቃዩም ይልቅ የሚያስፈራው የመጀመሪያው መድኃኒት ልብን፤ ጉበትንና ቆሽትን ሊጎዳ መቻሉ ነው። ይህንኑ ለማሻሻል ጎንደር ባለበት በኢትዮጵያ፤ በሱዳን፤ በኬንያና በኡጋንዳ ከ400 በላይ በሽተኞች የተካፈሉበት ምርመራ ተደርጎ ውጤቱ በ2022 ታተመ። ፓሮሞማይሲን በቀን አንድ መርፌ፤ ሚልቴፎሲን የተባለው እንክብል ደግሞ በአፍ፤ ለ14 ቀን ብቻ ተሰጠ። ከስድስት ወር በኋላ ሲታይ በአዲሱም በቀድሞውም ሕክምና ከ100 ከ90 በላይ ድነዋል። እንግዲህ ትርፉ ሦስት ቀንና ግማሹ መርፌ መቅረቱ፤ በተለይም ልብን ከሚጎዳው መድኃኒት መዳን ነው። ሚልቴፎሲን ግን ያስመልሳል፤ ፅንስንም ሊጎዳ ስለሚችል ለመውለድ ዕድሜ ላይ ላለች ሴት ያለ እርግዝና መከላከያ አይሰጥም።

ኤች አይ ቪ በደሙ ያለበት ሠራተኛ ሁኔታ ከዚህ ይከፋል፤ በሽታው ይመላለስበታልና። ለእነዚህ ሚልቴፎሲንን ከአምቢሶም ጋር ማጣመር አምቢሶምን ብቻውን ከመስጠት እንደሚሻል በጎንደርና በአብደራፊ በተደረገ ጥናት ታይቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ይህንኑ መመሪያ አድርጎ አወጣ። መርፌን ጨርሶ ያስቀራል ተብሎ ተስፋ የተጣለበት ኤልኤክስኢ 408 የተባለ እንክብል ደግሞ በ2024 በጎንደር በበሽተኞች ላይ መፈተን ጀምሯል።

አስመጪዎች እንደሚረዱት፤ ገዢው ድሃ የሆነ መድኃኒት ፋብሪካ አይፈልገውም። አምቢሶም ራሱ ከ2011 ጀምሮ ለድሃ አገሮች ሲደርስ የቆየው ፋብሪካው በዓለም ጤና ድርጅት በኩል በነጻ በመስጠቱ ነው። ስለዚህ እነዚህ መድኃኒቶች በየመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ የሚገኙ አይደሉም፤ የሚሰጡትም በሐኪም ቤት ነው።

ባለሱቁና ባለእርሻው ማወቅ ያለባቸው ይህን ነው፦ ከቆላ የተመለሰ ሰው የወባ መድኃኒት ወስዶ ትኩሳቱ ካልለቀቀው ሌላ የወባ ኪኒን አይሸጥለትም። የሚበጀው የካላ አዛር ምርመራ ነው፤ ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም የሚደረገው ፈጣን ምርመራ ውጤቱን በደቂቃዎች ውስጥ ያሳያል። የሕክምናውና የጥናቱ ማዕከል በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው፤ ከደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል።