ከትምህርት ቤቱ የተረፈው ገንዘብ የማን ነው?



ከአዲስ አበባ ወደ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ የወጡ ቤተሰቦች ጎጆ ቀልሰው ሲያበቁ ቀጥሎ የሚያስጨንቃቸው «ልጆቹ የት ይማራሉ?» የሚለው ነው። ከተሞቹ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ከተጠቃለሉ በኋላም ጭንቀቱ አልቀረም። ታዲያ የሰፈሩ ሰው ተሰባስቦ «እናዋጣ፣ መንግሥት ቦታ ይስጠን፣ ትምህርት ቤት እንክፈት» ሲል እንሰማለን። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ገንዘባችንን ከማውጣታችን በፊት ከወጪ የሚተርፈው ገንዘብ ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ ይገባናል።

ብዙዎቻችን «ለትርፍ ያልቆመ» ሲባል ክፍያ የማይጠይቅ ትምህርት ቤት ይመስለናል። እንዲያ አይደለም። ለምሳሌ 300 ልጆች በወር 500 ብር ለ10 ወር ቢከፍሉ 1,500,000 ብር ይሰበሰባል። የመምህራን ደመወዝና ሌላው ወጪ 1,350,000 ቢሆን 150,000 ብር ይተርፋል። ትምህርት ቤቱ የነጋዴ ከሆነ፣ ግብር ከተከፈለ በኋላ ቀሪው የባለቤቱ ነው፤ ይህም ሕጋዊ ንግድ ነው። ለትርፍ ያልቆመ ከሆነ ግን ብሩ ዴስክ ይገዛል፣ ቤተ ሙከራ ያሟላል፣ የየቲም ልጆችን ክፍያ ይሸፍናል እንጂ ወደ ማንም ኪስ አይገባም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ይህንኑ ይላል። ድርጅቶች ገቢ የሚያስገኝ ሥራ እንዲሠሩ ይፈቅዳል፤ ገቢው ለአባላት የግል ጥቅም እንዲውል ግን አይፈቅድም። የሃይማኖት ተቋም ራሱ በዚህ አዋጅ አይተዳደርም። የበጎ አድራጎት ድርጅት ካቋቋመ ግን ድርጅቱ በአዋጁ ሥር ይሆናል።

መንግሥትስ ምን አገባው? በአገራችን ከሚታወቁት ድጋፎች አንዱ መሬት ነው። የ2004 ዓ.ም. የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 በበጎ አድራጎት ለሚካሄዱ የማህበራዊ አገልግሎት ተቋማት ቦታ ያለ ጨረታ፣ በምደባ እንዲሰጥ ፈቅዶ ነበር። ነጋዴው ተጫርቶ የሚያገኘውን ቦታ በበጎ አድራጎት ስም ወስዶ ትርፉን መከፋፈል ሕዝቡንም ነጋዴውንም መበደል ነው።

በውጭው ዓለም ይህ ደንብ ጠበቅ ያለ ነው። ቺሊ በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ የመንግሥት ድጎማ የሚቀበሉ የግል ትምህርት ቤቶች ለትርፍ እንዳይሠሩ ወሰነች። በአውስትራሊያም የፌዴራል መንግሥት ድጎማ የሚሰጠው ለትርፍ ላልቆሙ ብቻ ነው። እዚያ የደረሰው ለእኛም ትምህርት ነው። በሲድኒ የሚገኘውን ማሊክ ፋህድ እስላማዊ ትምህርት ቤት፣ ገንዘቡ ወደ መሥራቹ የሙስሊም ምክር ቤቶች ፌዴሬሽን ሄዷል በሚል፣ የክልሉ መንግሥት በ2012 እ.ኤ.አ. 9 ሚሊዮን ዶላር እንዲመልስ ጠየቀው። በ2016 ደግሞ የፌዴራል መንግሥቱ ድጎማውን ለማቋረጥ ወሰነ። ከ2,000 በላይ ልጆች ትምህርት ቤታቸው ሊዘጋባቸው ደርሶ ነበር። አስተዳደሩ ከተለወጠ በኋላ ነው ድጎማው የቀጠለው።

ልብ እንበል! ገንዘቡን የወሰደው ነጋዴ አልነበረም፤ የሙስሊሞች ድርጅት ነው። «ለዲኑ ነው፣ ለእኛው ነው» ማለት ከሂሳብ አያድንም። ትርፍም ሁልጊዜ ትርፍ ተብሎ አይወጣም። ከገበያ በላይ በሆነ ኪራይ፣ ባልተሠራ የአገልግሎት ክፍያ፣ ለመሥራቾች በሚሰጥ ብድርም ይወጣል።

ስለዚህ ለትምህርት ቤት መዋጮ ስንጠየቅ በአክብሮት አራት ነገር እንጠይቅ። የተመዘገበው በበጎ አድራጎት ነው ወይስ በኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር? የመሬቱ ካርታ በማን ስም ነው? ሂሳቡን በየዓመቱ የሚመረምረው የውጭ ኦዲተር ማን ነው? ትምህርት ቤቱ ቢፈርስ ንብረቱ ለማን ይተላለፋል? መሥራቾቹ የምናከብራቸው ወንድሞችና እህቶች ቢሆኑ እንኳ መጠየቃችን ጥርጣሬ አይደለም። ዛሬ በአንድ ሰው ስም የተጻፈ ካርታ ነገ በውርስ ይከፋፈላል፤ ያን ጊዜ የኛ መዋጮም የልጆቻችን ክፍልም አብሮ ይሄዳል።

የተሰበሰበው ገንዘብ አማና ነው። አማናም በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ ሲጠበቅ ለሰጪውም ለተቀባዩም እፎይታ ነው። አላህ አማናውን ከሚጠብቁት ያድርገን።