«ሶብ» ሲባል «አለቀሰ» ብቻ አትበሉ

«ሶብ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በትርጉም ሥራ ላይ ደጋግሜ የማርመው ነው። በእንግሊዝኛ «ክራይ» ጠቅላላው ለቅሶ ነው፤ መጮህም ይሆናል። «ዊፕ» እንባው ላይ ያተኩራል፤ ድምፅ ባይኖረውም ዊፕ ነው። «ዌይል» ደግሞ የእኛው ዋይታ ነው።

«ሶብ» ግን የትንፋሽ ለቅሶ ነው። ወድቆ ጉልበቱ የተላጠ ሕፃን እናቱ ጉያ ገብቶ ምን እንደሆነ ሊነግራት ሲሞክር አስቡት፦ ትከሻው ይርገፈገፋል፣ ቃሉ በሲቃ ይቆረጣል፣ «እ... እማ...» ብሎ ይቀራል። «ተንሰቀሰቀ» ወይም «ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ» ልክክ ይልለታል። በደፈናው «አለቀሰ» ካልነው ያ የተቆራረጠ ትንፋሽ ይጠፋል።

እባካችሁ፣ ስትተረጉሙ ቃሉ የሚያሰማችሁ እንባውን ነው ወይስ ትንፋሹን ብላችሁ ጠይቁ።